መዝሙሩን ስንወድ ሰውን እንዳንረሳ



ዛሬ ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ስለ መዝሙር ወዳጆች ነው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በአንዱ ወገን ቤት ሳሎን፣ በመሥሪያ ቤት የምሳ ሰዓት፣ የአንድን ዘማሪ ወይም የአንድን ዘመን ዝማሬ የሚወዱ ሰዎች ይሰባሰባሉ። አብረው ይሰማሉ። የጠፋ ካሴት ያፈላልጋሉ። ይህችን ግጥም ማን ጻፋት እየተባባሉ ይከራከራሉ። አዲስ አልበም ሲወጣ ደግሞ ሲጨዋወቱ ያመሻሉ። ይህ መልካም ነው፤ ብዙዎቻችን በእንዲህ ያለ ኅብረት ተጽናንተናል።

ነገር ግን መዝሙር ያሰባሰባቸው ሰዎች በዚያው በመዝሙር ምክንያት ሲቀያየሙም እናያለን። አንዱ ትናንት ገብቶ ዛሬ ሁሉንም ያስተምራል። ሌላው ነባር በመሆኑ አዲሱን ያሸማቅቃል። ሌላው ደግሞ የሚወደውን ዘማሪ ለማክበር ብሎ የሌላውን ስም ያጠፋል። ቀስ በቀስ ትሑታኑ ዝም ይላሉ፤ ከዚያም መምጣት ያቆማሉ። በመጨረሻ ስፍራው ድምፃቸው ለጎላ ሁለት ሦስት ሰዎች ይለቀቃል።

እኛ የምንለው ይህ ነው፦ በመዝሙር ወዳጆች መካከል የምናሳየው ጨዋነት ከአምልኳችን የተለየ ነገር አይደለም። በአንደበታችን ጌታን እያመሰገንን አጠገባችን የተቀመጠውን የምናዋርድ ከሆነ፣ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 3 ከአንድ ምንጭ ስለሚወጣ ጣፋጭና መራራ ውኃ የጻፈው ለእኛ ነው።

ስንገባ እንስማ

ማንኛውም የወዳጆች ስብስብ ከእኛ በፊት የኖረ ታሪክ አለው። እኛ ዛሬ እንደ አዲስ የምናነሣው ጥያቄ ከዓመታት በፊት ተነሥቶ፣ ተከራክረውበት፣ ምናልባትም ተቀያይመውበት፣ ታርቀውበት ሊሆን ይችላል። በመካከላቸው ዝም ብለው የተቀመጡት እናት የምንወዳትን መዝሙር ገና በእጅ በተጻፈ ደብተር ላይ ሳለች የዘመሯት ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ሳናውቅ በመጀመሪያው ቀን "ከሁሉ የሚበልጠው ዘማሪ እገሌ ነው፤ ሌላው ጩኸት ነው" ብንል የተናገርነው ስለ መዝሙር ሳይሆን ስለ ራሳችን ነው።

አባቶቻችን "ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት" የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። ያዕቆብም ለመስማት እንድንፈጥን፣ ለመናገር እንድንዘገይ ይመክረናል (ያዕ. 1፥19)። ምሳሌ 18፥13 ደግሞ ሳይሰማ የሚመልስ ሰው ስንፍናና እፍረት እንደሚሆንበት ያስጠነቅቃል። ስለዚህ አዲስ የሆንን ለጥቂት ሳምንታት እንስማ። ምን እንደሚወዱ፣ ምን እንደማይነሣ፣ ማን ምን እንደሚያውቅ እንይ። ከዚያ እንጠይቅ። በትሕትና የሚጠይቅ አዲስ ሰው ለስብስቡ ሸክም አይሆንም፤ እንዲያውም ነባሮቹ የረሱትን ደስታ ያስታውሳቸዋል።

የገባውን እንቀበል

ይህ ሁሉ ለአዲሱ የተባለ ነው። ለነባሮቹ የሚባለው ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የበሩ ቁልፍ በእነርሱ እጅ ነው።

ወደ ወንጌል በመዝሙር በኩል የሚመጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ስብከት ሰምተው አያውቁም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠው አያውቁም። ነገር ግን አንድ ቀን በታክሲ ውስጥ ወይም በጎረቤት መስኮት አንድ ዝማሬ ሰሙና ልባቸው ተነካ። ከዚያ ሰው ፈልገው "ይህን የዘመረው ማነው? እንዲህ ሲል ምን ማለቱ ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። እኛ የዘማሪውን አልበም ሁሉ በቃል የምናውቀው ሰዎች "እንዴ! ይህንንም አታውቅም?" ብለን ከሳቅን፣ የሳቅነው በአንድ ጥያቄ ላይ ብቻ አይደለም፤ በሩ ላይ በቆመ ነፍስ ላይ ነው። ያ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም። ጌታ ሌላ መንገድ አያጣም፤ እኛ ግን የተሰጠንን ዕድል አበላሽተናል።

በ1ኛ ዜና መዋዕል 25 ላይ ዳዊት ለመቅደሱ ዝማሬ የለያቸው መዘምራን ቁጥራቸው 288 ነበር። ሁሉም የሠለጠኑ ነበሩ። ተራቸውን የሚያወጡት ግን በዕጣ ነበር፤ ታናሹም ታላቁም፣ አስተማሪውም ተማሪውም እኩል ዕጣ ጣሉ። በእግዚአብሔር ቤት ዕውቀት ነበረ፣ ማዕረግም ነበረ፤ ነገር ግን ዕውቀቱ ተማሪውን ከዕጣው አላስወጣውም። እኛስ አስተማሪነታችንን ያገኘነው ትናንት ተማሪ ስለ ነበርን አይደለምን?

ሁሉም በተራው

ቆሮንቶስ መዝሙር የጠፋባት ቤተ ክርስቲያን አልነበረችም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ሲጽፍላቸው ሲሰበሰቡ እያንዳንዱ መዝሙር፣ ትምህርት፣ መገለጥ ይዞ እንደሚመጣ ይናገራል። ችግራቸው የስጦታ ማነስ ሳይሆን ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገሩ ነበር። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ በተራ ይሁን፤ ለሌላው ሲገለጥለት የመጀመሪያው ዝም ይበል፤ ሁሉም ለማነጽ ይሁን።

ይህን ወደ እኛ ስናመጣው እንዲህ ነው። አንድ ወንድም ዐሥር መዝሙር በአንድ ጊዜ አሰምቶ "አስተያየት ስጡበት" ቢል ማንም በአንዱም ላይ ማሰብ አይችልም። አንድ መዝሙር ይዞ መጥቶ ለምን እንደ ነካው በአጭሩ ቢናገር ግን ሁሉም ይካፈላል። አንዲት እህት ስለ አንድ ግጥም ስትናገር በመካከል የገበያ ዕቃ ማስተዋወቅ ወይም የፖለቲካ ክርክር መክፈት የእርሷን ተራ መቀማት ነው። ንግዱም ፖለቲካውም ሌላ ስፍራ አላቸው።

በተለይ ድምፃቸው የማይሰማውን እናስብ። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ሥራዋን ጨርሳ ስልኳን የምትከፍተው እኩለ ሌሊት ላይ ሊሆን ይችላል። በምትኖርበት ከተማ በነጻነት የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ላይኖራት ይችላል። ከወገን ጋር አብሮ መዝሙር መስማት ለእርሷ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሳይሆን የጉባኤዋ ምትክ ነው። በዚያች አጭር ሰዓት የምታገኘው የእኛን ብሽሽቅ ከሆነ ምን ይዛ ትተኛለች? ለመናገር ስንነሣ እርሷን በዓይነ ሕሊናችን ብናያት ብዙ ቃላችንን እንመልሰው ነበር።

"እኔ የእገሌ ነኝ"

ጳውሎስ በዚያው መልእክት ምዕራፍ 1 ላይ አንዱ የጳውሎስ፣ ሌላው የአጵሎስ፣ ሌላው የኬፋ ነኝ ማለቱን ሲሰማ አዝኗል። ዛሬ በሰባኪዎች ስም የምንከፋፈለውን ያህል በዘማሪዎችም ስም እንከፋፈላለን። ግማሹ "የድሮ መዝሙር እንጂ የአሁኑ ዘፈን ነው" ይላል። ግማሹ ደግሞ የድሮውን ዜማ ሲሰማ ያዛጋል።

የድሮውን የሚወዱ ምክንያት አላቸው። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበር፤ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም በ1974 ዓ.ም. ተዘግታለች። ምእመናን በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘመሩ፤ መዝሙሩም በካሴትና በደብተር ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሯል። በእንዲህ ያለ ዘመን የተዘመረን መዝሙር የሰማ ሰው ዜማውን ብቻ አይደለም የሚሰማው፤ የታሰረ ወንድሙንም ያስታውሳል። ወጣቱ ይህን ይወቅለት። አረጋዊውም በበኩሉ ያስብ፦ እርሱ በካሴት እንደ ጸና፣ ዛሬም አንድ ተማሪ ተስፋ በቆረጠበት ሌሊት በአዲስ ዜማ ይጸናል። እግዚአብሔር በአንድ ዘመን የሙዚቃ መሣሪያ ብቻ አልተወሰነም።

"ታዲያ መዝሙር አይመዘንም ወይ?" የሚል ይኖራል። ይመዘናል! ሁሉን እንድንፈትን መልካሙንም እንድንይዝ ታዘናል (1ተሰ. 5፥21)። ግጥሙ ከቃሉ ጋር የማይስማማ ከሆነ በግልጽ እንናገር፤ የቱ ስንኝ ከየትኛው የቃሉ ክፍል ጋር እንደሚጋጭ እናሳይ። ነገር ግን የመዘንነው መዝሙሩን ይሁን። ከመዝሙሩ ተነሥተን ወደ ዘማሪው ትዳር፣ ወደ አለባበሱ፣ ወደ ገቢው ከሄድን መመዘኑን ትተን ማማት ጀምረናል። ሐሜት "ለጸሎት እንዲሆናችሁ ነው" ተብሎ ቢጀመርም ሐሜት ነው።

የሰው ላብ

አንድ አልበም ስንወድ ለወዳጆቻችን ለማካፈል እንቸኩላለን። በአንድ ጊዜ አልበሙን ሙሉ ገልብጠን በቴሌግራም እንልካለን። ለምን ስንባልም "መዝሙር የእግዚአብሔር ነው፤ በነጻ የተቀበልነውን በነጻ እንሰጣለን" እንላለን። ልብ እንበል፤ በማቴዎስ 10፥8 ላይ ያለው ቃል የተነገረው ለሚሰጠው እንጂ ለሚወስደው አይደለም። ዘማሪው በፈቃዱ በነጻ ቢሰጥ በረከት ነው። እኛ ግን የእርሱን ነገር ወስደን "በነጻ ሰጠን" ማለት አንችልም፤ የሰጠነው የራሳችንን አይደለምና።

በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን፣ የከዋኙንና የድምፅ ቀራጩን መብት ይጠብቃል። ሕጉ ባይኖርም ሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል የሚለው ቃል አለ (1ጢሞ. 5፥18)። በስደቱ ዘመን ካሴት መገልበጥ ሌላ ነገር ነበር፤ መሸጫ ሱቅም በግልጽ የሚታተምበት መንገድም ባልነበረበት ጊዜ ሰው ለወንድሙ እንጀራ እንደሚቆርስ ይካፈል ነበር። ዛሬ ግን መዝሙሩ በዘማሪው በራሱ ገጽ ላይ ተቀምጧል። ያንን አድራሻ ለወዳጃችን ብንልክ እርሱም ይሰማል፣ ዘማሪውም አይጎዳም።

ደግሞም ስም እንጥራ። አንድ መዝሙር ከአፍ ከመውጣቱ በፊት ግጥም የጻፈ፣ ዜማ የሠራ፣ ያቀናበረ ሰው አለ፤ እኛ ግን የምናውቀው የዘመረውን ብቻ ነው። የመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ እንኳ ሁሉንም ለዳዊት አልሰጠም፤ 12ቱ መዝሙሮች የአሳፍን ስም ይዘው እስከ ዛሬ ይነበባሉ፤ የቆሬ ልጆችም አልተረሱም። መንፈስ ቅዱስ ስማቸው እንዲቀር ከወደደ እኛ ስም መጥራት ለምን ይከብደናል?

ስንታረምም ስንወጣም

ከመካከላችን አንዱ ቢያጠፋ በሁሉ ፊት ከማሳፈር በፊት ለብቻው እንንገረው። ይህ የማቴዎስ 18፥15 ትእዛዝ ነው፤ ለመዝሙር ወዳጆችም ይሠራል። የታረመው ደግሞ "እኔን ማን ብላችሁ!" ብሎ አይነሣ፤ አመስግኖ ይቀመጥ። ስብስቡ ለእኛ የማይሆን ሆኖ ካገኘነው መውጣት ኃጢአት አይደለም። በሰላም እንውጣ። በር ገጭ አድርጎ መውጣት፣ ወጥቶም ውስጥ የቀሩትን መሳደብ ግን ቀድሞ አብረን የዘመርነውን ያፈርሳል።

ወገኖች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ከመዝሙር ወዳጆቻችን ጋር ስንቀመጥ ራሳችንን ሦስት ነገር እንጠይቅ። ከእኔ ይልቅ ዝም ያለው ማነው? ያወራሁለት ዘማሪ አጠገቤ ቢቀመጥ ይህንኑ ቃል እደግመው ነበርን? ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው ሰው ከእኛ ዘንድ ሲሄድ ማንን አውቆ ይሄዳል፤ ዘማሪውን፣ እኛን ወይስ ጌታን?

ጌታ ሆይ፣ የዝማሬን ጸጋ ስለ ሰጠኸን እናመሰግንሃለን። ጆሯችንን ለመስማት፣ አንደበታችንን ለማነጽ ቀድስልን። በመዝሙር የጠራሃቸውን በእኛ ጠባይ እንዳናባርራቸው እርዳን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።