ክሎሪን ጨመርን፣ ውሃው ግን አልጠራም

ከጅማ፣ በቾ ቦሬ የደረሰን ጥያቄ በአጭሩ ይህን ይላል፦ «ግቢያችን ውስጥ ጉድጓድ አለ፤ ውሃውን በፓምፕ ወደ ሮቶ እናወጣለን። ክረምት ሲገባ ይደፈርሳል፣ ሁለት ሌሊት ቢያድርም አይጠልም። ውሃ አጋር ጨመርኩበት፤ አልጠራ ሲለኝ ደገምኩት። አሁን ሽታው ልጆቹን አላስጠጋ አለ፣ ድፍርሱ ግን እንዳለ ነው። የስምንት ወር ሕፃን አለችኝ። ምን ላድርግ?»

እህታችን፣ ከሁሉ በፊት ክሎሪን መደራረቡን ይተዉት። ክሎሪን ተህዋስያንን ይገድላል እንጂ አፈር አያነሳም። እንዲያውም በድፍርስ ውሃ ውስጥ ሥራውን በቅጡ አይሠራም፤ ከፊሉ ከቆሻሻው ጋር ሲታገል ያልቃል፣ ተህዋስያኑም በአፈሩ ቅንጣት ተከልለው ያመልጣሉ። በትንሹ ለደፈረሰ ውሃ መጠኑን እጥፍ ማድረግ የተለመደ ምክር ነው። ከዚያ በላይ መጨመር ግን የሚያተርፈው ሽታውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ክሎሪን በሚገባ እንዲሠራ የውሃው ድፍርስነት ኤንቲዩ በሚባለው መለኪያ ከ1 በታች ቢሆን ይመረጣል ይላል። ዓይናችን ድፍርሱን መለየት የሚጀምረው 4 አካባቢ ሲደርስ ነው። ስለዚህ በዓይን ድፍርስ ሆኖ የሚታይ ውሃ ከሚፈለገው በብዙ አልፏል ማለት ነው። መጀመሪያ ማጥለል፣ ቀጥሎ ማከም፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ድፍርሱ ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ብርጭቆ ይበቃል። ውሃውን ከጉድጓዱ በቀጥታ ይቅዱና መስኮት አጠገብ ያስቀምጡት። ወተት መስሎ ነጭ ሆኖ ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፤ አያስጨንቅም። ከላይ እየጠራ ታች አሸዋ ቢጤ ከተቀመጠ ደለል ነው፤ ማሳደር ይበቃዋል። ሲቀዳ ኩልል ብሎ ቆይቶ ወደ ቢጫ ወይም ዝገት መልክ ከተለወጠ ብረት አለበት። አድሮም እንደ ቀጭን ሻይ በወተት ሆኖ ከጠበቀዎት ግን የሸክላ አፈር ነው። እርስዎ ከነገሩን ስንነሳ፣ በጅማ ቀይ አፈርና በክረምቱ ዝናብ፣ የምንጠረጥረው ይህንኑ የመጨረሻውን ነው።

የሸክላ ቅንጣት ከሚሊሜትር ሁለት ሺህኛ በታች ናት። ቅንጣቶቹ ሁሉም ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ተያይዘው ከብደው መዝቀጥ አይችሉም። ሁለት ሌሊት ቀርቶ ሳምንት ቢያድር ላይጠልል የሚችለው ለዚህ ነው። በነጠላ ማጥለልም አይዛቸውም። (ነጠላን ግን አንናቅ። በባንግላዴሽ ገጠር እናቶች አሮጌ ሳሪ አራት ጊዜ አጥፈው ውሃ ሲያጠሉ የኮሌራ ሕመም በግማሽ ገደማ መቀነሱ በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ታይቷል። እዚያ ጨርቁ የያዘው ግን የኮሌራ ተህዋስያን የሚለጠፉባቸውን፣ ከሸክላ ቅንጣት በብዙ የሚበልጡ ጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት ነው።)

መፍትሔው ቅንጣቶቹን የሚያያይዝ ነገር ነው። በአገራችን የሚመረተው ቢሻን ጋሪ፣ በኦሮምኛ «ጥሩ ውሃ» ማለት ነው፣ አያያዡንና ክሎሪኑን በአንድ ከረጢት የያዘ ዱቄት ነው፤ አንዱ ከረጢት ለ20 ሊትር ይሆናል። በጄሪካን ሳይሆን አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ያድርጉት፤ ማማሰል አለና። በደንብ ሲማሰል ድፍርሱ እንደ ተቆራረጠ እርጎ ይሰባሰብና ይዘቅጣል። ከላይ የጠራውን በንጹህ የጥጥ ጨርቅ ወደ ሌላ ዕቃ አጥልለው፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመቆያ ጊዜ እስኪሞላ ይጠብቁ። የሽፈራው ፍሬ ተወቅጦም ያጠልላል፤ የሱዳን ሴቶች የአባይን ውሃ ሲያጠሩበት ኖረዋል። ተህዋስያንን በሚገባ ስለማይገድል ግን ከዚያ በኋላ ማከም ግድ ነው።

ለሕፃኗ የጠለለውን ውሃ አፍልተው ይስጡ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነች ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። አዲስ አበባ ላሉ አንባቢዎቻችን ሦስት ደቂቃ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላልና።

እስካሁን ያልነው ለባልዲው ነው፤ እኛን የሚያሳስበን ግን ጉድጓዱ ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት የሚደፈርስ ጉድጓድ የላይ ጎርፍ ይገባበታል። ጎርፉ ደግሞ አፈር ብቻ ይዞ አይመጣም፤ የከብት በረቱንም የመጸዳጃ ቤቱንም ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ከዝናብ በኋላ ወጥተው አፉን ይመልከቱ። ዙሪያው ከግቢው ከፍ ያለ ነው? ሲሚንቶው ተሰንጥቋል? የላይኛው ግድግዳ በሪንግ ካልተያዘ ውሃው በጎን ይሰርጋል። ዙሪያውን ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ያለ ሲሚንቶ ማስለሰን፣ ጎርፍ የሚቀይስ ቦይ ማስቆፈርና የሚገጥም ክዳን ማድረግ ለዓመት ከረጢት ከመግዛት ይሻላል። መጸዳጃ ቤቱ ከጉድጓዱ 30 ሜትር ካልራቀ ወይም ከላዩ ከሆነ ግን ክዳን አያድነውም፤ ያን ውሃ ለልብስና ለወለል ይተዉት፣ ለመጠጥ የቧንቧ ውሃ ይቅዱ። ፓምፑም ወለሉን ነክቶ ከሆነ ጭቃ ያማስላል፤ ከፍ ያስደርጉት።

ሮቶውን ደግሞ ባዶ አድርገው ውስጡን ያሳጥቡ። የዓመት ዝቃጭ ታች ካለ የጠራ ውሃ ቢገባም ተመልሶ ይደፈርሳል።

ለቡና ሰፈር ሰዎች አንድ ነገር እንጨምር። በአጋሮም በሊሙም፣ የእሸት ቡና ማጠቢያ ባለበት ወንዝ አቅራቢያ ጉድጓድ ያላችሁ፣ ዝናቡ አልፎ በለቀማ ወራት ውሃችሁ ቡናማ ሆኖ የኮመጠጠ ሽታ ካመጣ ነገሩ ሸክላ አይደለም። የቡና ገለፈት እጣቢ ሊሆን ስለሚችል በዱቄትም በክሎሪንም አትድከሙ፤ ውሃውን መጠጣት አቁማችሁ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አመልክቱ።

የመዋኛ ገንዳ ያላቸውም በዚሁ ስህተት ይወድቃሉ፤ ገንዳው ሲደፈርስ ክሎሪን ይደፋሉ። መጀመሪያ የሚታየው ማጣሪያው ነው፤ አሸዋው ታጥቧል ወይ? ፓምፑስ በቂ ሰዓት ይሠራል? ከዚያ ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.8 መሆኑ ይለካል። የወለሉ ማፍሰሻ ከዳር ቆመው ካልታየዎት ልጆች አይግቡ፤ ድፍርስ ገንዳ ውስጥ የሰመጠ ልጅ አይታይም።

ባልዲው ሥር የቀረውን ዝቃጭ ልጆችና ዶሮዎች በማይደርሱበት፣ ከጉድጓዱም ራቅ አድርገው ይድፉት።