ወደ ጋዝ የተለወጠ አውቶሞቢል ሲንቀጠቀጥና ነዳጅ ሲያበዛ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለችሎት ብቻ የተነገረ አይደለም። ለወጥ ቤትም፥ ለእርሻም፥ በደጃችን ለቆመው አውቶሞቢልም ይሠራል። የሞተር ሕመም እንደ ሰው ሕመም ነው፤ አንዱ ምልክት የብዙ በሽታ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ምልክቱን አይቶ ወዲያው መድኃኒት የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያጠፋል እንጂ ሕመሙን አያርቅም። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንገልጸው ያሰብነው፥ ከቤንዚን ወደ ጋዝ የተለወጠ አውቶሞቢል ሞተሩ ሲንቀጠቀጥና ነዳጁ ከልክ ሲያልፍ፥ ባለቤቱ ምን ምን ነገር በቅደም ተከተል መመርመር እንደሚገባው ነው።

ምናልባት «ይህ የመካኒክ ሥራ ነው፤ ከቤተሰብ ጋራ ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የነዳጅ ዋጋ የሚከፈለው የጤፍና የበርበሬ ዋጋ፥ የልጆችም የትምህርት ቤት ክፍያ ከሚወጣበት ከዚያው ከአንዱ ከረጢት ነው። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ከውጭ አገር እንዳይገባ መንግሥት ስለ ከለከለ፥ በእጅ ያለውን ጠብቆ ማቆየት የቤት አስተዳደር ክፍል ሆኗል። በሶማሌ ክልልም የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያው ክፍል መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ስለ ተመረቀ፥ የጋዝ ነገር ከእንግዲህ ወዲህ የጥቂቶች ወሬ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይመስለንም።

አስቀድመን «ጋዝ» የሚለውን ቃል እንለይ። በልማድ ጋዝ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ለፋኖስና ለምድጃ የሚሆነውን ላምባ ነው። እኛ የምንናገረው ግን ስለ እርሱ አይደለም። ለአውቶሞቢል የሚሆነው ጋዝ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉት ድብልቅ ነው፤ ይህም በወጥ ቤት በሲሊንደር የምናውቀው፥ በግፊት ፈሳሽ ሆኖ የሚቀመጠው ነው። ሁለተኛው ሜቴን የሚባለው የተፈጥሮ ጋዝ ሲሆን፥ በአውቶሞቢል ውስጥ 200 ባር በሚያህል ግፊት ታምቆ በወፍራም ሲሊንደር ይያዛል። ከዚህ በታች የምንጽፈው ይልቁንም ስለ ፊተኛው ነው፤ የምርመራው ሥርዓት ግን ለሁለቱም ይቀራረባል።

ጋዝ ለሞተር እንግዳ ነገር አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1860 ኤቲየን ሌኖር በፓሪስ የሠራው ሞተር የሚያቃጥለው የመብራት ጋዝ ነበር። እንግዲህ ሞተር በተንቀጠቀጠ ጊዜ «ጋዝ ለሞተር አይስማማም» ብሎ ባንድ ቃል መፍረድ ተገቢ አይደለም።

አንደኛ፥ ከሁሉ በፊት በእርግጥ ነዳጅ በዝቶ እንደ ሆነ መለካት ይገባል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ያነሰ ኀይል አለው። ስለዚህ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቤንዚን ይጨርስ የነበረ አውቶሞቢል 12 ወይም 13 ሊትር ጋዝ ቢጨርስ ደኅና ነው እንጂ ሕመምተኛ አይደለም። ጋዙም በኪሎ የተሸጠ እንደ ሆነ፥ አንድ ኪሎ ወደ ሁለት ሊትር እንደሚጠጋ ማሰብ ያሻል። የጋዙ ጋን ለደኅንነት ሲባል ከመቶ 80 እጅ ብቻ ስለሚሞላ፥ 50 ሊትር የሚይዘው 40 ሊትር ሲቀበል «ተሰረቅሁ» ማለት አይገባም። እንግዲህ ሦስት ጊዜ ሞልቶ፥ የሄደውን ኪሎ ሜትርና የገባውን ጋዝ በደብተር መጻፍ፥ ቤንዚኑንም ለብቻው ማስፈር የምርመራው መጀመሪያ ነው። የጎማ ነፋስ ማነስና የፍሬን መያዝም ነዳጅ ያበዛሉና አስቀድሞ እነርሱን ማየት መልካም ነው።

ሁለተኛ፥ ሞተሩን በቤንዚን ብቻ መፈተን ነው። አንድ ዳኛ ከሳሽን ሰምቶ ተከሳሽን ሳይሰማ እንዳይፈርድ፥ መካኒክም በጋዝ የሚሰማውን መንቀጥቀጥ በቤንዚን ሳይፈትን ሊፈርድ አይገባውም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ለዚህ ፈተና ይመቻል። በቤንዚንም በጋዝም ከተንቀጠቀጠ፥ ጥፋቱ በሞተሩ ላይ ነው፤ ጋዙ በሐሰት ተከሷል። በቤንዚን ጸጥ ብሎ ሄዶ በጋዝ ብቻ ከተንቀጠቀጠ፥ ጥርጣሬው ወደ ጋዙ መንገድ ያዘነብላል።

ሦስተኛ፥ ነገር ግን በጋዝ ብቻ ቢንቀጠቀጥም ካንዴላውን ሳያዩ ወደ ጋዙ መሣሪያ መሄድ አይገባም። የጋዝና የአየር ድብልቅ እሳት እንዲይዝ ከቤንዚን ይልቅ የበረታ ብልጭታ ይፈልጋል። ስለዚህ ያረጀ ካንዴላ፥ አፉ የሰፋ ካንዴላ፥ የደከመ ኮይልም በቤንዚን ጊዜ ተደብቀው ይቆዩና በጋዝ ይገለጣሉ። ከዚያ ቀጥሎ የአየር ፊልትሮ ይታያል፤ ቀጥሎም ከሞተሩ አየር የሚስቡት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች የተሰነጠቁ እንደ ሆነ ይመረመራል። እነዚህ ሁሉ ዋጋቸው ቀላል ነውና በመጀመሪያ መታየት አለባቸው።

ስለ አየር ካነሣን ዘንድ የአገራችንን ከፍታ መርሳት አይገባም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ጉለሌ ደግሞ ከዚያ ከፍ ይላል። የአየሩ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህል ብቻ ነው። እመቤቶች ይህን በድስታቸው ያውቁታል፤ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላው ቶሎ አይበስልም። ለሞተርም እንዲሁ ነው። በካርቡራቶር የሚሠራ የቀድሞ አውቶሞቢል የጋዙ መጠን በቈላ አገር ተስተካክሎ እንደ መጣ ከተተወ፥ እዚህ ጋዙ ከአየሩ ይበዛበታል፤ ይሰክራል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ያባክናልም። ስለዚህ የጋዙ መጠን መስተካከል የሚገባው አውቶሞቢሉ በሚኖርበት ከፍታ ነው።

አራተኛ፥ ሙቀቱ ይመርመር። ፈሳሹ ጋዝ ወደ ትነት ሲለወጥ ብርቱ ብርድ ያመጣል። ይህም እንዳይጎዳው ከራዲያተሩ መንገድ የሞቀ ውሃ በሁለት ቱቦ ወደ ሬጉሌተሩ ይመጣለታል። ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ እነዚህ ቱቦዎች ለብ ብቻ ያሉ እንደ ሆነ፥ ወይም በሬጉሌተሩ ላይ ውርጭ የታየ እንደ ሆነ፥ ውሃው ጎድሏል፥ ወይም መንገዱ ተዘግቷል፥ ወይም ቴርሞስታቱ የለም ማለት ነው። አንዳንድ መካኒኮች «እንዳይግል» ብለው ቴርሞስታቱን አውልቀው የመጣል ልማድ አላቸው። ይህ ክፉ ልማድ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ዘወትር ስለሚበርደው ኮምፒዩተሩ ገና ያልሞቀ እየመሰለው ነዳጅ ያበዛለታል። ከዚህም በቀር ወደ ጋዝ የተለወጠ አውቶሞቢል የሚነሣው በቤንዚን ሆኖ፥ ወደ ጋዝ የሚዛወረው ውሃው እስከ 30 ወይም 40 ዲግሪ ከሞቀ በኋላ ነው። የማይሞቅ ሞተር ግን አጭር መንገድ ሲመላለስ ባለቤቱ ሳያውቅ ብዙውን ጊዜ ቤንዚን ሲጠጣ ይውላል።

አምስተኛ፥ ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ከተገኘ በኋላ ወደ ጋዙ መሣሪያ ይኬዳል። የጋዙ ፊልትሮ ተደፍኖ እንደ ሆነ፥ በሬጉሌተሩ ውስጥ ያለው ስስ ጎማ ተቀዶ ወይም ደርቆ እንደ ሆነ፥ ጋዙን የሚረጩት ኢንጄክተሮች በቅባት ዝቃጭ ተይዘው እንደ ሆነ ይመረመራል። በዚህ ጊዜ የኮምፒዩተሩ ምስክርነት እጅግ ይጠቅማል። ኮምፒዩተሩ በጭስ መውጫው ካለው የኦክስጅን ሴንሰር እየሰማ ነዳጅ ይጨምራል፥ ይቀንሳልም፤ የጨመረውንና የቀነሰውን በመቶኛ ይመዘግባል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በቤንዚን ሲሄድ ቁጥሩ ይጻፍ፤ ቀጥሎ በጋዝ ሲሄድ ይጻፍ። ከ10 በመቶ ያልበለጠ ልዩነት አያስፈራም። በቤንዚን ደኅና ሆኖ በጋዝ ብዙ የጨመረ እንደ ሆነ ጋዙ አንሶ ይደርሳል፤ ብዙ የቀነሰ እንደ ሆነ ጋዙ በዝቶ ይገባል። በሚኒሞ ብቻ ጨምሮ ሞተሩ ሲፈጥን የሚስተካከል ከሆነ ግን በአንድ ስንጥቅ አየር እየገባ ነው። ይህን ቁጥር ሳይጽፍ «ሬጉሌተር ለውጡ» የሚል ባለሙያ በግምት ይናገራል።

ይህ ሥርዓት ከንቱ ቃል አለመሆኑን ለማስረዳት፥ በዊንጌት ሠፈር በሚኖሩ አንድ ወዳጃችን ቤት የሆነውን እንንገራችሁ። አውቶሞቢላቸውን ወደ ጋዝ ካስለወጡ ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተሩ በዳገት ይንቀጠቀጥ፥ በሚኒሞም ይጠፋ ጀመር፤ የነዳጁም ወጪ ከቀድሞው በለጠ። የወሰዱበት ጋራዥ ሬጉሌተሩን ለወጠ፤ አልዳነም። ኢንጄክተሮቹን ለወጠ፤ አልዳነም። ለልጆቹ ለመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ የተቀመጠው ገንዘብ በዚህ አለቀ። ጌታውም ተቆጥተው አውቶሞቢሉን በርካሽ ሊሸጡት ቆረጡ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንደ ተባለ ነው።

ነገሩን ያበራችው ግን የቤቱ እመቤት ናት። ወይዘሮዪቱ የቤት ወጪዋን በደብተር የምትጽፍ ናትና፥ የጋዙን ደረሰኝ ስትደምር ከጎኑ የቤንዚን ደረሰኝ በየሳምንቱ ሳይቋረጥ መግባቱን አየች። «አውቶሞቢላችን በጋዝ የሚሄድ ከሆነ ይህን ሁሉ ቤንዚን የሚጠጣው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ከሦስት ኤክስፐርት ምርመራ የበለጠ ጥያቄ ይህ ነበር። አውቶሞቢሉ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ እስከ ፒያሳ ሄዶ የሚመለስ ስለ ነበረ፥ መንገዱ አጭር ነው። አንድ የተማረ ወጣት መካኒክ ተጠርቶ በቅደም ተከተል ሲመረምር፥ በቤንዚንም ቢሆን በዳገት ጥቂት እንደሚንቀጠቀጥ ተረዳ፤ የአራቱም ካንዴላዎች አፍ ሰፍቶ ተገኘ። ወደ ሬጉሌተሩ የሚሄደው ውሃ ለብ ብቻ ያለ ነበረ። የቴርሞስታቱ ቤት ሲከፈትም ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ከብዙ ጊዜ በፊት ወልቆ ኖሯል። ቴርሞስታት ገባለት፥ አራት ካንዴላ ተለወጠ፥ የጋዙም መጠን በዚያው በዊንጌት ከፍታ ተስተካከለ። የሁሉም ዋጋ ቀድሞ ለሬጉሌተሩ ብቻ ከተከፈለው ያነሰ ነበር። መንቀጥቀጡ ቀረ፤ የቤንዚኑም ደረሰኝ ከደብተሩ ላይ እየሳሳ ሄደ።

ስለ ደኅንነት ጥቂት እንጨምር። ፈሳሹ ጋዝ ከአየር ይከብዳልና ቢያፈስ ወደ ጉድጓድና ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ይወርዳል፤ ሽታው የተሰማ እንደ ሆነ ሞተሩን አጥፍቶ፥ የጋኑን መዝጊያ ዘግቶ፥ አውቶሞቢሉን ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ መተው ይገባል። የሚያፈሰው ስፍራ የሚፈለገው በሳሙና አረፋ ነው እንጂ በክብሪት ብርሃን አይደለም። ወጪ ለመቀነስ ብሎ የወጥ ቤቱን ሲሊንደር በአውቶሞቢሉ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ማሰር ሕይወትን በገንዘብ መለወጥ ነው፤ ለአውቶሞቢል የተሠራው ጋን ያለው የመሙያ ልክና የመጠበቂያ መዝጊያ ያ የለውምና።

የዊንጌት ሠፈር ስሙን ያገኘው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1946 ከተከፈተው ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። ያ ስም ዛሬ የእጅ ሙያ የሚያስተምር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ መጠሪያ ሆኗል። እንግዲህ የተማረ እጅ በአገራችን የለም ማለት አይቻልም፤ የሚጎድለው የባለቤቱ ጥያቄ ነው። ስለዚህ አንባቢዎቻችን አውቶሞቢላቸውን ወደ ጋራዥ ሲወስዱ ደብተራቸውን ይዘው ይሂዱ። «በቤንዚን ፈትነኸዋልን? ካንዴላውን አይተኸዋልን? ውሃው ይሞቃልን? ቁጥሩስ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ ይቀበሉ፤ የተሠራውንም ሥራ በጽሕፈት ያስፍሩ። በችሎት የጋራዥና የባለ አውቶሞቢል ክርክር ሲመጣ፥ ያልተጻፈ ነገር ለሁለቱም ወገን እንደማይረዳ እናውቃለን። ጥሩ መካኒክ በዚህ ጥያቄ ደስ ይለዋል፤ የሚከፋው ቢኖር ግን ቁልፉን መልሶ መቀበል ይሻላል።