ለተጫዋቹ ውሃ፣ ለእንግዳው ደጋፊ ፀሐይ

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የአፍሪካ ዋንጫን ከጥር ወደ ሰኔና ሐምሌ ሲያዞር ከአውሮፓ ክለቦች ጋር የነበረውን የተጫዋቾች ንትርክ ለመፍታት አስቦ ነበር። የካይሮ ፀሐይ ያኔ ጉዳዩ አልነበረም፤ አዘጋጇ ካሜሩን ነበረችና። ካሜሩን አዘጋጅነቱን ተነጥቃ ግብፅ ስትተካ ግን ውድድሩ ከሰኔ 14 እስከ ሐምሌ 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ሆነ። በዚህ ወቅት የካይሮ የቀን ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሲብስበት 40ን ያልፋል። የተጫዋቾች ማኅበር ጮኸ፣ ካፍም በ30ኛውና በ75ኛው ደቂቃ ጨዋታው ለሦስት ሦስት ደቂቃ እየቆመ ተጫዋቾች ውሃ እንዲጠጡ ወሰነ። ተገቢ ውሳኔ ነበር። ናይጄሪያዊው ሳሙኤል ካሉ ቡድኑ ገና አንድ ጨዋታ ሳያደርግ አሌክሳንድሪያ ላይ ልምምድ ሲሠራ በፈሳሽ እጥረት ወድቆ ነበር። ስለ ተመልካቹ ግን ይህን ያህል የጮኸ አልነበረም፤ ከተመልካቹም የባሰበት እንግዳው ደጋፊ ነው።

የዚያን ውድድር የጨዋታ ሰዓት እንመልከት። ግብፅ ዚምባብዌንና ዲሞክራቲክ ኮንጎን የገጠመችው ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ኡጋንዳንና ደቡብ አፍሪካን ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ኡጋንዳና ዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ ሞሮኮና ናሚቢያ፣ ደቡብ አፍሪካና ኮትዲቯር እዚያው ካይሮ ውስጥ የተጫወቱት ግን ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ሴራ ነው አልልም። አዘጋጇ ስትጫወት ስታዲየሙ ይሞላል፣ ቴሌቪዥኑም ምሽቱን ይፈልጋል። ውጤቱ ግን ነፋሻው ምሽት ለባለ አገሩ፣ ግለቱ ለእንግዳው መሆኑ ነው። ወደ 75 ሺህ ሰው የሚይዘው የካይሮ ዓለም አቀፍ ስታዲየም አብዛኛው መቀመጫ ጣሪያ የለውም። በአዲስ አበባ ስታዲየም አነጋገር፣ ጥላ ፎቅ ለጥቂቶች፣ ካታንጋ ለቀረው ሕዝብ መሆኑ ነው።

«የሚሮጠው ተጫዋቹ ነው፤ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ምን ይሆናል?» የሚል ይኖራል። ተጫዋቹ የበለጠ እንደሚጎዳ አይካድም። ነገር ግን ሰውነት ሙቀትን ለመላመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ቡድን ቀድሞ ገብቶ ሊለማመድ ይችላል፤ ደጋፊው ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በዋዜማው ነው። በሰኔ ዝናብ ጃኬት ለብሶ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ካለችው አዲስ አበባ የተነሣ ሰው በነጋታው ስታዲየሙ ባለበት ናስር ሲቲ ፀሐይ ላይ ይሰለፋል። ተጫዋቹ ሐኪም፣ በረዶና ጥላ ያለው ወንበር አለው። ደጋፊው ደግሞ ፍተሻውን ለማለፍ ቀድሞ ይመጣል፣ ከፊሽካው በፊት ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ግለት ላይ ይቆያል። ፊፋ ራሱ የውሃ እረፍትን የሚያዝበት መለኪያ የአየሩን ሙቀት፣ እርጥበቱንና የፀሐዩን ግለት አንድ ላይ የሚይዝ ነው፤ ወሰኑም 32 ዲግሪ ነው። ይህ መለኪያ የሜዳውን መስመር ሲሻገር የሚቆምበት ምክንያት አይታየኝም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የጸጥታ ጉዳይ ነው፦ የውሃ ጠርሙስ ይወረወራል። እውነት ነው፣ ይወረወራል። ስለዚህ በወረቀት ኩባያ ይታደል። ደግሞስ የግብፅ ስታዲየሞችን መራራ ታሪክ ያየ ሰው አደጋው የተነሣው ከጠርሙስ ነው አይልም። የካቲት 1 ቀን 2007 ዓ.ም. በካይሮው የአየር መከላከያ ስታዲየም ወደ 20 የሚጠጉ የዛማሌክ ደጋፊዎች ያለቁት ከጨዋታው በፊት፣ በብረት በታጠረው ጠባብ መግቢያ ላይ ነው። ያኔ በግብፅ የብርድ ወቅት ነበር፤ የገደላቸው ግፊያ እንጂ ሙቀት አይደለም። ሆኖም ጥፋቱ በሩ ላይ መሆኑን ካወቅን፣ ያንኑ ሰልፍ ያለ ጥላ በሰኔ ፀሐይ ማቆም አደጋውን መደራረብ ነው። «ፈልጎ ነው የሄደው» ለሚለው ደግሞ መልሱ አጭር ነው፤ ትኬት የሸጠ ኃላፊነትም ተቀብሏል።

ይህ ነገር እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። ኢትዮጵያ በካይሮ የእንግዳነት ታሪኳ ረጅም ነው፤ በግንቦት 1951 ዓ.ም. በሁለተኛው የአፍሪካ ዋንጫ እዚያው በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸንፋለች። ካፍ ስታዲየሞቻችን መስፈርት አያሟሉም ብሎ ስለዘጋብን ደግሞ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነው፤ የገዛ ሜዳችን ጨዋታ ሆኖ እንኳ ደጋፊያችን አገር አቋርጦ መሄድ ነበረበት። መስፈርቱን አልቃወምም፣ ይብላኝ ለእኛ። ግን መስፈርት አላሟላችሁም ብሎ አንድን አገር ከሜዳው የሚያሰድድ ተቋም በእንግዳ ደጋፊዎች መቀመጫ በኩል ጥላና የመጠጥ ውሃ መኖሩን መቁጠር አያቅተውም። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንም ቡድኑ በሞቃት ወራት ወደ ካይሮ ሲጓዝ ሦስት ነገር አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቅ፦ ጨዋታው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንዲጀመር፣ ለደጋፊዎቻችን ነጻ ውሃ እንዲቀርብ፣ የእኛ በር ቀድሞ ተከፍቶ ሰልፉ እንዲያጥር።