ለመሐንዲሱ ስኮላርሺፕ፣ ለመምህሩስ?

በቅርቡ ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት ያስተምር ነበር። ትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ የሚባል ነገር ስለሌለው ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ጥቂት ሽቦና አንዲት ትንሽ አምፖል ይዞ ገባ። አምፖሏ ቦግ ስትል ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ደወል ሊደወል ጥቂት ሲቀረው ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና፣ ‹‹ቲቸር፣ እንዲህ ጎበዝ ከሆኑ ለምን ኢንጂነር አልሆኑም?›› ስትል ጠየቀች። ልጆቹ ሣቁ። ጓደኛችንም ሣቀ። ‹‹በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እመልስልሻለሁ›› ብሏት ወጣ።

ማታ መኝታ ክፍል ውስጥ ነገሩን አንሥተን ተከራከርን። አንዱ ‹‹ውጤት ስላልመጣልን ነው፣ ምን ይደበቃል?›› አለ። ሌላው ደመወዙን አነሣ። ሦስተኛው ደግሞ፣ ‹‹እውነቱን ንገራት እንጂ! ኢንጂነሪንግ የሚያስተምር ስኮላርሺፕ ዛሬ ቢመጣልኝ ዛሬውኑ ሻንጣዬን እሸክፋለሁ›› ብሎ ሁላችንንም አሣቀን። ሣቁ ካለፈ በኋላ ግን ዝም ዝም ተባባልን። የተናገረው የሁላችንንም ልብ ነበርና።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ያ ዝምታ ነው። ለሣይንስና ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የሚሰጠው የነፃ ትምህርት ዕድል ይብዛ እንላለን፤ ይስፋፋ እንላለን። ነገር ግን ለመሐንዲሱ እየተሰጠ መሐንዲሱን ለሚያዘጋጀው የሣይንስ መምህር የማይሰጥ ዕድል ምንጩን ትቶ ውኃ እንደ መቅዳት ነው ባዮች ነን። ይህን የምንለው በማንም ቀንተን እንዳይመስል፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

በመጀመሪያ ‹‹ነፃ ትምህርት›› ስንል ምን ማለታችን ነው? በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ በር ላይ ገንዘብ ክፈል አይባልም። ሆኖም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት የሚባል ሥርዓት አለ። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ የተወሰነውን እጅ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ሊከፍል ውል ይፈርማል። እንግዲህ ዳቦውና አልጋው በዱቤ ተገኘ እንበል። ሌላውስ? ከገጠር እስከ ዩኒቨርሲቲው ከተማ የመኪና መሳፈሪያ አለ። ሳሙና አለ፣ የፎቶ ኮፒ አለ። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ከሆነ ደግሞ ሣይንሳዊ ካልኩሌተር፣ የንድፍ መሣሪያ፣ ዛሬ ዛሬ ያለ እርሱ ትምህርቱ የማይገፋ ላፕቶፕ ያስፈልገዋል። የኬሚስትሪ ተማሪ ጋዋን ይጠየቃል። ይህ ሁሉ አምስት ዓመት በሚፈጅ ትምህርት ላይ ሲደመር፣ አንድ በሬ ሸጦ ልጁን የላከ ገበሬ ሁለተኛውን በሬ ሳይሸጥ እንዴት ይዘልቃል?

ስለዚህ ስኮላርሺፕ ቅንጦት አይደለም። በተለይ የሣይንስና የኢንጂነሪንግ ተማሪ ትምህርቱ ከሌላው ይልቅ መሣሪያና ጊዜ ይጠይቃልና፣ የኪስ ገንዘብ ሊያገኝ ብሎ ማታ ማታ ሥራ ቢይዝ የላብራቶሪው ሪፖርት ይቀርበታል። ይህን አሳምረን እንቀበላለን። ጥያቄያችን ዕድሉ የሚደርሰው ለማን ነው የሚል ነው።

አብዛኛው ዕድል በማርክ ይሰጣል። ማርክ ደግሞ ከባዶ ሜዳ አይበቅልም። ጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። መስከረም 2016 ዓ.ም. በተነገረው ከመቶ 3.2፣ ጳጉሜን 2016 ዓ.ም. በተነገረው ደግሞ ከመቶ 5.4 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ማለት ቢጀምርም ነገሩ ያስደነግጣል። ከመቶ ተማሪ ዘጠና አምስቱ ሰነፍ ሆኖ ተፈጠረ የሚል ካለ፣ አንድ ቀን ከእኛ ጋር ወደ ልምምድ ትምህርት ቤት ይምጣ። የማባዣ ሠንጠረዥ በቅጡ ሳይዝ ስምንተኛ ክፍል የደረሰውን፣ ማግኔት በሥዕል እንጂ በእጁ ነክቶ የማያውቀውን ልጅ ያያል። ያ ልጅ ለስኮላርሺፕ ውድድር የሚቀርበው መቼ ነው? ውድድሩ ላይ ከመድረሱ አራትና አምስት ዓመት አስቀድሞ ተሸንፏል።

በ2001 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው በሣይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሣይንስና በሰብአዊ ትምህርቶች እንዲመደብ ወሰነ። ከሁሉም የበለጠውን ድርሻ የያዘው ኢንጂነሪንግ ነበር። ሐሳቡን አንነቅፍም፤ መንገድ፣ ግድብ፣ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ያስፈልግ ነበር። ነገር ግን ‹‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል›› ይባላል። የዩኒቨርሲቲው በር በአንድ ጊዜ ሲሰፋ፣ ወደዚያ በር የሚያደርሰው የሁለተኛ ደረጃና ከዚያም በታች ያለው የሣይንስ ትምህርት በዚያው ልክ አልተጠገነም። በሒሳብና በፊዚክስ ጎበዝ የሆነው ሁሉ ወደ ኢንጂነሪንግ ተመራ። ወደ ማስተማር የመጣው ብዙውን ጊዜ ምርጫው ያልሞላለት ሆነ። እኛም ከእነዚሁ ነን፤ ይህን ለመናገር አናፍርም።

ወደ ኋላ ዞር ብለን ብናይ ይህ ችግር አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የኢንጂነሪንግ ኮሌጁ በ1945 ዓ.ም. ተከተለ። ታዲያ ለእነዚህ ኮሌጆች ሒሳብና ሣይንስ የሚችል ተማሪ ማን ያዘጋጅ ነበር? ታላላቆቻችን እንደሚያወጉን በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳቡንና ፊዚክሱን የሚያስተምሩት አብዛኛውን ጊዜ የህንድ መምህራን ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓዶች ማስተማር ጀመሩ። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ተጀመረ። በዚህም መሠረት የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ያገለግል ነበር፤ የሚበዛውም የሚያገለግለው በመምህርነት ነበር። አገሪቱ ያስተማረችው ወጣት የተማረውን ለታናሹ አካፍሎ ይመለሳል። የዚህ አሠራር ፍሬ ነገር ዛሬም የሚጠቅም ነው እንላለን።

የሌላውንም አገር እንይ። የሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክን ወደ ጠፈር ስትልክ አሜሪካኖች ደነገጡ። በማግሥቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግ አወጡ። በሕጉ ለኮሌጅ ተማሪዎች ብድር ተፈቀደ። ብድሩ ሲሰጥ በሣይንስ፣ በሒሳብ፣ በኢንጂነሪንግና በውጭ ቋንቋ ብልጫ ላላቸው ልዩ አስተያየት ይደረግ ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉ! በትምህርታቸው ብልጫ ኖሯቸው መምህር ለመሆን ለሚፈልጉም እንዲሁ ልዩ አስተያየት ተደረገ። ተበዳሪው ተመርቆ በመንግሥት ትምህርት ቤት ካስተማረ፣ ባስተማረበት በያንዳንዱ ዓመት ከዕዳው አንድ አሥረኛው ይሰረዝለት ነበር፤ እስከ ግማሹ ድረስ። ሮኬት እንሥራ ብለው የተነሡ ሰዎች መምህሩን አልረሱትም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በማይክሮ ቺፕ ፈጣሪነቱ በሚታወቀው በሮበርት ኖይስ ስም ለሣይንስ፣ ለሒሳብና ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ሌላ የነፃ ትምህርት ዕድል አቋቋሙ። ደንቡ ግልጽ ነው፦ አንድ ዓመት የተረዳ ተማሪ መምህር በጠፋበት አካባቢ ሁለት ዓመት ያስተምራል። ካላስተማረ የተሰጠው ገንዘብ ብድር ይሆንና ይመልሳል።

‹‹የእኛስ ደንብ?›› ለሚል ጠያቂ፣ ጭራሹን ባዶ አይደለም። የወጪ መጋራቱ ደንብ በመምህርነት የሚያገለግል ሰው ዕዳውን በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የሚከፍልበትን መንገድ ከፍቷል። መልካም ነው። ዳሩ ግን ነገ የሚቀነስ ዕዳ ዛሬ ሳሙና አይገዛም። ከአራት ዓመት በኋላ ስለሚሰረዝ ዕዳ ለተቸገረ ተማሪ ብትነግሩት ‹‹ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ›› ይላችኋል። ዕድል የሚባለው በተማሪነት ዘመን እጅ የሚገባ ሲሆን ነው።

የሚቃወሙን እንዳሉ እናውቃለን። አንዳንዱ ‹‹ለማስተማር ውል ማስፈረም ወጣቱን ማሰር ነው፤ በግድ የገባ መምህር ልጆቹን ይበድላል›› ይላል። ይህ ቀላል አስተያየት አይደለም። እኛም መምህርነት የቅጣት ቦታ እንዲሆን አንፈልግም። ነገር ግን አስተውሉ፣ የተገደደ መምህር ዛሬም አለ። ምርጫ አጥቶ የመጣ ሰው ሳይፈርም ተገድዷል። እኛ የምንለው ሌላ ነው። በፊዚክስ ጎበዝ የሆነ ልጅ በአንድ እጁ የኢንጂነሪንግ፣ በሌላ እጁ እኩል ድጋፍና እኩል ክብር ያለው የሣይንስ መምህርነት ስኮላርሺፕ ይዞ፣ አስቦ ይምረጥ። ያን ጊዜ መምህርነትን የመረጠ ወዶ መረጠ ይባላል። ሌላው ደግሞ ‹‹ደመወዙ ካልተስተካከለ ስኮላርሺፕ ብቻውን ምን ይፈይዳል?›› ይላል። ልክ ነው፤ ብቻውን አይበቃም። ስኮላርሺፕ ሰውን ወደ ክፍል ያስገባል፤ ክፍል ውስጥ የሚያቆየው ኑሮው ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ እስኪሟሉ ድረስ አንዱንም አንጀምር ማለት ተማሪውን ያለ መምህር ማቆየት ነው።

እንግዲህ በበኩላችን የምናቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ለሣይንስና ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የነፃ ትምህርት ዕድል የሚሰጥ ማንኛውም ወገን፣ መንግሥትም ይሁን ድርጅት ወይም በውጭ አገር የሚኖር ወገናችን፣ ከዕድሉ የተወሰነውን ድርሻ የሣይንስና የሒሳብ መምህር ለመሆን ለሚማሩ ይመድብ። ገንዘቡም የትምህርት ክፍያን ብቻ ሳይሆን መጓጓዣን፣ መጻሕፍትንና የትምህርት መሣሪያን ያካት።

ሁለተኛ፣ ሲመረጥ ማርኩ ብቻ አይታይ። ልጁ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ይታይ። ላብራቶሪ ካለው ትምህርት ቤት የተገኘ ዘጠናና ሁለት ሰዓት በእግር እየተጓዘ ከሚማር ልጅ የተገኘ ሰማንያ አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም። የሴት ልጅ ሰማንያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከውኃ መቅዳትና ከእንጀራ መጋገር በተረፈ ሰዓት የተገኘ ነው።

ሦስተኛ፣ ዕድሉን ያገኘ ሁሉ፣ የወደፊቱ መሐንዲስም ቢሆን፣ በክረምት ወራት ወደ መጣበት ወረዳ ተመልሶ ለታናናሾቹ ሒሳብና ሣይንስ ያስጠና። ብዙ አይደለም፤ ጥቂት ሳምንት ይበቃል። ልጆቹ እንደ እነርሱ ከዚያው ሰፈር ወጥቶ ኢንጂነሪንግ የሚማር ሰው በዓይናቸው ያያሉ።

ይህን ሁሉ ከሌላ ብቻ መጠበቅ ግን አያምርብንም። ከእኛም የሚፈለግ አለ። ከወራት በኋላ በየወረዳው እንበተናለን። የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ዛሬ በኢንተርኔት ይወጣል፤ በጊዜው ካልተያዘ ያልፋል፤ ትራንስክሪፕት፣ የድጋፍ ደብዳቤና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማመልከቻ ይጠይቃል። የከተማው ልጅ የሚያስረዳው አጎት አለው። የገጠሩ ልጅ ያለው እኛ ነን። ስለዚህ ስልክ ያለው መምህር ማስታወቂያውን በእጁ ጽፎ የትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። ተማሪው ማመልከቻውን ሲጽፍ አብሮት ይቀመጥ፤ ይጻፍለት ግን አንልም። የድጋፍ ደብዳቤ ስንጠየቅም ‹‹ጎበዝና ታታሪ ነው›› ብለን በአንድ መስመር አንገላገለው፤ ልጁ ምን እንደ ሠራ፣ የትኛውን ጥያቄ እንደ ጠየቀ እንጻፍ። መምህራን ከየወር ደመወዛቸው ጥቂት ጥቂት ቢያዋጡ ለአንድ ተማሪ መሳፈሪያ አያንስም። ‹‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ›› ነውና።

አሁን ወደ ልጅቱ እንመለስ። ጓደኛችን ቃሉን አልበላም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ገብቶ፣ ‹‹ኢንጂነር መሆን እፈልግ ነበር፤ አልሆነልኝም። አሁን ግን አንቺ እንድትሆኚ ማድረግ የምችል ይመስለኛል›› አላት። ልጅቱ ትንሽ አሰበችና፣ ‹‹እኔስ እንደ እርስዎ አምፖል የሚያበራ ቲቸር መሆን ብፈልግ?›› አለችው። ለዚህኛው ጥያቄ ግን እስካሁን መልስ አላገኘም። ‹‹ሁኚ›› እንዳይላት ምን ይጠብቃታል? ‹‹አትሁኚ›› እንዳይላት እርሱ ራሱ እዚያው ሰሌዳው ፊት ቆሟል።

ያቺ ልጅ ያለ ሥጋት ‹‹መምህር እሆናለሁ›› የምትልበትን ቀን ማምጣት የሁላችንም ሥራ ነው። ሠልጣኞችም ሆናችሁ መምህራኖቻችን የምትጨምሩት ወይም የምትቃወሙት ካለ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም ከዚሁ ጽሑፍ ጎን እንለጥፈዋለን።

ከሣይንስ ክፍል ሠልጣኞች