ዋዛ ዋዛ አይደለም

ኩርሙክን ያልረገጠ ሰው እንኳ ወርቋን ያውቃል፤ ዜማዋን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የበርታ ሕዝብ ከቅል ቀጣጥሎ የሚሠራውን ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ «ዋዛ» ይለዋል። ቃሉ ለአማርኛ ጆሮ ቀልድ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። አንዱ ዋዛ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ዜማው የሚወለደው ነፊዎቹ ሲቀባበሉ ነው። ይህን የኅብረት ጥበብ ካሜራችን የሚያስታውሰው በአብዛኛው ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲደርስ ነው። ጥቂት ደቂቃ ይነፋል፣ ይጨፈራል፣ ያበቃል። የነፊው ስም አይጠራም፤ መቼና ለምን እንደሚነፋም ጠያቂ የለም።

«ገንዘብና ስቱዲዮ የለንም» የሚል ምክንያት ሲቀርብ እንሰማለን። መልሱ ያለው ከድንበሩ ማዶ ነው። ሱዳናዊው ሐጁጅ ኩካ እ.ኤ.አ. በ2009 «የዳርፉር አጽም» የተሰኘውን ዘጋቢ ፊልም የሠራ ጀማሪ ነበር። በ2011 በብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ተነሣ፤ የሱዳኗ ኩርሙክም የጦር አውድማ ሆነች፤ ብዙ ሕዝብ ወደ አሶሳ አካባቢ ተሰደደ። ኩካ ካሜራውን ይዞ ወደ ብሉ ናይልና ወደ ኑባ ተራሮች ዘለቀ። ከዚያ የተገኘው «የአንቶኖቭ ምት» በ2014 በቶሮንቶ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል በተመልካቾች ምርጫ የዘጋቢ ፊልም ሽልማት ተቀበለ።

ቁም ነገሩ ሽልማቱ አይደለም። አንቶኖቭ የሱዳን መንግሥት በመንደሮች ላይ ቦምብ ይጥልበት የነበረ አውሮፕላን ነው። በፊልሙ ውስጥ ድብደባው ሲያልፍ ሰዎቹ ይስቃሉ፤ በእጃቸው የሠሩትን የክራር ዘመድ የሆነ ራባባ ይመታሉ፤ ልጃገረዶቹም የራሳቸውን ዘፈን ያወጣሉ። ፊልም ሠሪው ዘፈኑን እንደ ጌጥ አላሳየም። የሕዝብን ቋንቋና ዜማ የሚንቅ አገዛዝ ጦርነትን እንዴት እንደሚወልድ በዘፈኑ በኩል መረመረ።

«በጦርነት ጊዜ ዘፈን ቅንጦት ነው» የሚሉ ወገኖች ይህን ፊልም ቢያዩ ምን ይመልሱ ይሆን? ቤቱን ጥሎ የሸሸ ሰው ይዞት የሚሻገረው ዜማውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በሱዳን የፈነዳው ጦርነት በኩርሙክ በኩል ሌሎች ስደተኞችን አምጥቷል። ከእነርሱ ጋር የመጣውን ዜማ ማን እየቀረጸው ነው? አዛውንቱ ነፊ ሲያልፉ ድምፃቸው አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ ለአሶሳ ወጣት ፊልም ሠሪ የሦስት ደቂቃ የበዓል ጭፈራ ማዘዝ ይብቃን። የባህል ተቋማት ከነፊዎቹ ጋር ወራት የሚቀመጥበትን ጊዜና ወጪ ይስጡት፤ የባለሙያዎቹ ስም በፊልሙ ላይ ይጻፍ፤ ድካማቸውም ይከፈል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ በመጀመሪያ በኩርሙክ አደባባይ ይታይ፤ የዜማው ባለቤቶች ቀድመው ይፍረዱት።