ሰይጣን እውነት ቢናገር ምስክር ይሆናልን?

ሰይጣን እውነት ይናገራል ወይስ አይናገርም? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው በአንድ ቃል ፈጽሞት ለመሄድ ይወዳል። እኩሌታው፥ ጌታ በወንጌል የሐሰት አባት ብሎታልና ከአፉ እውነት የሚባል ነገር ከቶ አይወጣም ይላል። እኩሌታው ደግሞ፥ በመስቀል ታስሮ በስመ ሥላሴ ከተያዘ በኋላ መዋሸት አይችልም፤ ያን ጊዜ የሚናገረው ሁሉ የታመነ ነው ይላል። ሁለቱም ከመንገዱ ወጥተዋል። ነገር ግን የፊተኛው ስሕተት የአነጋገር ስሕተት ነው፤ ማንንም አይጐዳም። የኋለኛው ስሕተት ሰው አስገድሏል፤ ዛሬም ትዳር ያፈርሳል፥ እናትን ከልጇ፥ ጎረቤትን ከጎረቤቱ ይለያል። ክርክሩ ከዚህ ከኋለኛው ጋራ ነው።

ሰይጣን እውነተኛ ቃል ሊናገር መቻሉን መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ያስረዳል። እባብ ለሔዋን አትሞቱም ያላት ግልጥ ሐሰት ነው፤ ዓይናችሁ ይከፈታል ያላት ግን ተፈጽሟል። ሙሴም ዓይናቸው እንደ ተከፈተ ጽፏል፤ በተከፈተው ዓይን ያዩት ግን ዕራቁትነታቸውን ነው። ተስፋው እውነት ሆነ፥ እውነቱም ሞትን አመጣ። እንዲሁም በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ሆኖ ጌታን ሲፈትን የጠቀሰው የዳዊትን መዝሙር ነው (መዝ. 90)፤ ዳዊትንም ዋሸ የሚለው የለም። ነገር ግን ፈታኙ ሲጠቅስ መላእክት ሰውን በመንገዱ ሁሉ እንዲጠብቁት የሚለውን ዘለለው። ሰው የሚጠበቀው በተሰጠው መንገድ ሲሄድ ነው እንጂ ከሰገነት ራሱን ሲወረውር እንዳይደለ የሚያስረዳው ያ የተዘለለው ቃል ነበር። የቀረው ሁሉ እንደ ተጻፈው ነው፤ አንዲት ሐረግ ስለ ጐደለች ግን መዝሙሩ ወጥመድ ሆነ።

ከዚህ የሚበልጥ ነገር በቅፍርናሆም ምኵራብ ተደርጓል። ርኩስ መንፈስ የያዘው ሰው ጮኾ ኢየሱስ የእግዚአብሔር ቅዱስ መሆኑን ተናገረ። ይህ ቃል ሐሰት የለበትም፤ ጴጥሮስ እንኳ የእምነቱን ቃል ገና አልተናገረም ነበር። ጌታ ግን ገሠጸው፥ ዝምም አሰኘው። ስለ ምን ዝም አሰኘው ቢሉ፥ ቃሉ ሐሰት ስለ ሆነ አይደለም፤ ምስክሩ የማይገባ ስለ ሆነ ነው። በፊልጵስዩስም የምዋርት መንፈስ ያደረባት አገልጋይ ልጅ ጳውሎስንና ሲላስን እየተከተለች የልዑል እግዚአብሔር አገልጋዮች መሆናቸውን ለሕዝቡ ሁሉ ብዙ ቀን ስትናገር ሰነበተች። የከተማው ሰው የሚያምናት ጠንቋይ ናት፤ የምትናገረውም እውነት ነው፤ ጳውሎስም ለከተማው እንግዳ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ምስክር ያገኘ ሰባኪ ቢኖር ድምፅ ማጉያውን ወደ አፏ በማቅረብ ይቸኵል ነበር። ጳውሎስ ግን አዘነ፥ መንፈሱንም አወጣው፤ ስለዚህም ተደበደበ፥ ታሰረም። የሐዋርያው ወንጌል ከጋኔን አፍ ድጋፍ ከሚቀበል ወኅኒ መግባቱን መረጠ።

የስሙንም ትርጓሜ መመልከት ይገባል። ሰይጣን በዕብራይስጥ ባላጋራ ማለት ነው፤ ዲያብሎስም በጽርዕ ቋንቋ ሐሜተኛ፥ የሐሰት ከሳሽ ማለት ነው፤ ዮሐንስም በራእዩ የወንድሞች ከሳሽ ብሎታል። ኢዮብን በእግዚአብሔር ፊት የከሰሰው እርሱ ነው፤ ክሱም ሐሰት ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ከሳሽ በራሱ ክስ ምስክር ሆኖ የሚቆምበት ሸንጎ በየት አገር አለ? ፍትሐ ነገሥት ምስክር የሚሆነው ሰው ማንነቱ እንዲመረመር ያዝዛል፤ የኦሪት ሕግም አንድ ምስክር ብቻውን አይበቃም ይላል። በሰው ላይ የአንድ ደግ ሰው ቃል ካልበቃ፥ የሰውን ዘር ከመጀመሪያ ጀምሮ የሚጠላው ባላጋራ ቃል እንዴት ይበቃል?

«በስመ እግዚአብሔር የታሰረ ጋኔን እውነቱን ለመናገር ይገደዳል» የሚለው ትምህርት ግን የዛሬ ሰዎች ያመጡት አይደለም፤ ፍሬውም ከብዙ ዘመን በፊት ታይቷል። በፈረንሳይ አገር በምዕራብ በኩል በምትገኘው በሉደን ከተማ፥ በ1632 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር፥ ከቅድስት ኡርሱላ ማኅበር የሆኑ መነኮሳይያት አጋንንት ያዙን ብለው ይጮኹ ጀመር። አጋንንቱን ለማውጣት የመጡት ካህናትም «ማን ላከህ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር፤ ከመነኮሳይያቱ አፍ የወጣውም ስም የከተማው ቄስ የኡርባን ግራንዲዬ ስም ነበር። ግራንዲዬ ቅዱስ ሰው አልነበረም፤ ትዕቢተኛና በሴት ነገርም የተነቀፈ ነበር፤ በከተማው ባላጋሮች ነበሩት፤ ኃይለኛው ካርዲናል ሪሽልዮም አይወደውም ነበር። ይህ ሁሉ ግን አስማተኛ አያሰኘውም። የቦርዶው ሊቀ ጳጳስ ነገሩ በጥንቃቄ እንዲመረመር ባዘዘ ጊዜ ጩኸቱ ጋብ ብሎ ነበር። ኋላ ግን ሎባርድሞን የሚባል የንጉሥ ሹም መጥቶ ቄሱን በታኅሣሥ 1633 አሰረው፤ የአጋንንቱም ቃል በፍርድ ቤት እንደ ምስክር ተጻፈ። የታሰረ ጋኔን ሊዋሽ አይችልም ተብሏልና።

አስተዋይ አንባቢ ከዚህ በኋላ የሆነውን ይመልከት። ከመነኮሳይያቱ አንዳንዶቹ ሕሊናቸው ወቅሷቸው፥ በንጹሕ ሰው ላይ በሐሰት ተናግረናል ብለው በግልጥ ተናገሩ። ዳኞቹም ይህ የሰይጣን ተንኰል ነው፥ አገልጋዩን ለማዳን የሚናገረው ነው ብለው ናቁት። ስለዚህ ያው አፍ ሲከስ እውነተኛ ሆነ፥ ሲጸጸት ግን ሐሰተኛ ተባለ! የጋኔንን ምስክርነት የተቀበለ ዳኛ መጨረሻው ይህ ነው፤ የሚወደውን እውነት፥ የሚጠላውን ሐሰት እያለ ራሱ ፈራጅ ራሱ ምስክር ይሆናል። ግራንዲዬ በነሐሴ 18 ቀን 1634 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር እግሮቹ በማሠቃያ ከተሰበሩ በኋላ ከነሕይወቱ ተቃጠለ። አጋንንቱስ? ላኪያቸው የተባለው ሰው አመድ ከሆነ በኋላም አልወጡም፤ መናገሩም ማስወጣቱም ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። ሊያስወጣቸው በዚያው ዓመት የመጣው ሱረን የሚባል ኢየሱሳዊ ካህንም ራሱ በአእምሮው ታሞ ብዙ ዘመን ተሠቃየ።

በዚያ ዘመን የተሻለ ዕውቀት አልነበረም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነበረ እንጂ! ከዚያ 35 ዓመት ያህል አስቀድሞ ማርታ ብሮሲዬ የምትባል ልጅ ጋኔን አለባት ተብላ ወደ አንዤ ከተማ ጳጳስ ወደ ሻርል ሚሮን ቀርባ ነበር። ጳጳሱም የተባረከውን ውኃ እንደ ተራ ውኃ፥ ተራውንም እንደ ተባረከ አድርጎ ሰጣት፤ በተባረከው ምንም አልሆነችም፥ በተራው ግን ወደቀች። ከሮማዊው ባለቅኔ ከቨርጂል የአረማውያንን ግጥም እንደ ጸሎት አድርጎ ቢያነብባትም ተንፈራገጠች። አንድ ብልቃጥ ውኃና ጥቂት ትዕግሥት ነገሩን ገለጡት። በ1614 በሮም የወጣው የሥርዓት መጽሐፍም ካህኑ በቶሎ እንዳያምንና ከንቱ ጥያቄ እንዳያበዛ ያስጠነቅቅ ነበር። በሉደን የጠፋው ዕውቀት አይደለም፤ የታጣው ፈቃድ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ መምህራን፥ ጌታ ራሱ በጌርጌሴኖን አገር ጋኔኑን ስምህ ማን ነው ብሎ ጠይቆት የለምን ይላሉ። አዎን፥ ስሙን ጠይቆታል። ማን ላከህ አላለውም፤ የትኛዋ ጎረቤት ናት አላለውም። ብዙ ነን ያለውም ቃል በአፉ ብቻ አልቀረም፤ ሁለት ሺህ የሚያህሉ እሪያዎች በሰው ሁሉ ፊት ወደ ባሕር ሲወድቁ ታየ። ለደቀ መዛሙርቱም የሰጣቸው ሥልጣን የማውጣት ሥልጣን ነው፤ የመጠየቅ ሥልጣን፥ ይልቁንም ታስሮ ይታመናል የሚል ተስፋ፥ በአራቱ ወንጌል ውስጥ አይገኝም።

የሉደንን ታሪክ አንሥቶ የሩቅ አገር ነገር ነው ብሎ መተው አይቻልም። በኢትዮጵያም ቡዳ በላው የተባለ ሰው ጢስ እየታጠነ ማን በላህ ተብሎ ሲጠየቅ፥ የሚጠራውም ስም እንደ ፍርድ ሲቈጠር ብዙ ዘመን አልፏል። ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ፥ ቤተ እስራኤልም በዚህ ነቀፋ ከሰው ተለይተው ኖረዋል፤ ወንጀላቸው የእጃቸው ሥራ ነበር። ዛሬ ደግሞ በአንዳንድ ጠበል ቦታ የታመመው ሲለፈልፍ ድምፅ ማጉያ ወደ አፉ ይቀርባል፤ የእንጀራ እናቱን፥ አማቱን ወይም የወንድሙን ሚስት ስም ሲጠራ ሕዝቡ እልል ይላል፤ ነገሩም በእጅ ስልክ ተቀርጾ ከአገር አልፎ ውጭ አገር ድረስ ይደርሳል። ስሟ የተጠራው ሴት ግን በዚያ የለችም፤ የምትመልስበትም ሸንጎ የላትም። በአደባባይ ቢሆን ለሌባ እንኳ ቃሉን የመስጠት ጊዜ ይሰጠዋል። ደግሞም የሚለፈልፈው ሰው የሚጠራው ስም አብዛኛውን ጊዜ ቤተ ዘመድ አስቀድሞ በጓዳ ሲያንሾካሹክ የሰነበተው ስም ነው። ጋኔኑ ወይም በሽታው፥ ከሁለቱ ማንኛውም ቢሆን፥ በዚያው ቤት የነበረውን ጥርጥር መልሶ ለባለቤቱ ያስረክበዋል። የጠበሉን ኃይል የሚክድ የለም፤ የሚነቀፈው ፈውሱን ወደ ክስ የሚለውጠው ልማድ ነው።

«ነገር ግን ያለው ሁሉ ደረሰ፤ በተናገረበት ስፍራ ተቈፍሮ መተቱ ተገኘ» የሚል የመጨረሻ ክርክር ይቀራል። ለዚህ የኦሪት ዘዳግም 13ኛው ምዕራፍ አስቀድሞ መልስ ሰጥቷል፤ ምልክቱ ቢደርስ እንኳ ሰውን ከእግዚአብሔር የሚያርቀውን እንዳይሰሙት ያዝዛልና። ሐዋርያዊው አትናቴዎስም የእንጦንስን ገድል ሲጽፍ ይህንኑ በሚያስደንቅ ምሳሌ አስረድቷል። አጋንንት የዓባይ ወንዝ ሊሞላ ነው ብለው ለግብፅ ሰዎች የሚነግሩት፥ በኢትዮጵያ ምድር ብዙ ዝናም እንደ ዘነመ አይተው ውኃው ሳይደርስ ቀድመው ስለሚሮጡ ነው ይላል። ውኃው በእርግጥ ይመጣል፤ ወሬው እውነት ነው፤ ጋኔኑ ግን ነቢይ አይደለም፤ ፈጣን መልእክተኛ ነው። ፈጣን ፈረስ ያለው ሰውም ቢሆን ይህንኑ ባወራ ነበር። እንዲሁም ዮሐንስ አፈ ወርቅ ስለ ሀብታሙና ስለ አልዓዛር ሲያስተምር፥ በሰው ላይ ያደሩ አጋንንት የእገሌ ነፍስ ነን ሲሉ ያመኑትን ገሥጿል፤ የሚናገሩት አጋንንት መሆናቸው ብቻ ላለማመን ይበቃል ብሎ ነው። ዓሣ አጥማጅ መንጠቆውን ባዶውን አይጥልም። የተቀበረውን የሚያውቅ፥ ሲቀበር የነበረ ወይም ራሱ ያስቀበረ ሊሆን ይችላል፤ ቦታውን ማወቁ የቀባሪውን ስም በታማኝነት ይነግራል ማለት አይደለም፤ በመጀመሪያው እውነት የታመነው በሁለተኛው ሐሰት ንጹሕ ሰው ለማጥፋት ነውና።

ስለዚህ በጠበሉ ዳር የቆመ አጥማቂ የታመመው ሰው የጎረቤቱን ስም መጥራት ሲጀምር፥ በቅፍርናሆም እንደ ተደረገው ዝም ማሰኘት ይገባዋል። ስልክ የያዙትንም ስልካቸውን እንዲያጥፉ ያዝዛቸው፤ የሰማውንም ስም ለታማሚው ቤተ ሰብ አይድገመው፤ ታማሚውም ሲነቃ ተናገርህ የተባለውን አይንገረው። ስሟ አስቀድሞ የተጠራባት ሴት ካለች፥ ከምእመናን ፊት ክብሯን የሚመልሰው ያው ስሟ በተጠራበት ስፍራ የነበረው ካህን ነው።