እሳት የማይነካው ቆዳ

ከጥንት መጻሕፍቶቻችን አንዱ ፊሳልጎስ ይባላል። ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰ፣ የአራዊትንና የአዕዋፍን ጠባይ እያነሣ ለነፍስ ትምህርት የሚያደርግ መጽሐፍ ነው። በዚህ መጽሐፍ ትውፊት ሳላማንድራ የምትባል እንሽላሊት መሳይ ፍጥረት አለች። እቶን ውስጥ ብትገባ እሳቱ ይጠፋል እንጂ እርሷን አይነካትም ይባልላታል። የምትመሰለውም በሠለስቱ ደቂቅ፣ ከእቶነ እሳት በደኅና በወጡት በአናንያ፣ በአዛርያና በሚሳኤል ነው። ፍጥረቲቱ በአገራችን የለችም፤ በአፍሪካም ከሰሜኑ ጫፍ በቀር አትገኝም። እኔም የማውቃት በዚህ ምሳሌ ብቻ ነበር።

ባለፈው ክረምት ዱርቤቴ፣ እናቴ ቤት ሳለሁ፣ ባሕር ማዶ የምትኖር የእህቴ ልጅ ደወለች። ድምፅዋ የለቅሶ ነበርና ክፉ ወሬ መጣ ብለን ደነገጥን። ነገሩ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ በመስታወት ገንዳ የምታሳድጋት ሳላማንደር ታማባታለች። ጎኗ ላይ ባዘቶ የመሰለ ነጭ ነገር በቅሏል፤ ቆዳዋም በአንድ ወገን ቀልቷል። እናቴ ነገሩ ሲገባት፣ «ለእንሽላሊት ነው የምታለቅሽው ልጄ?» ብላ ሳቀች። ቀጥላም ሳቋን ገታ አድርጋ፣ «እዚህ እኮ ሰው መድኃኒት ያጣል» አለች። ልጅቱ ዝም አለች። እኔም በልቤ ከእናቴ ጋር ነበርሁ።

ይህች ጽሑፍ ሐሳቤን የለወጥሁበትን ምክንያት ትናገራለች።

በዚያው ሰሞን የወንድሜ ልጅ ከመስኩ ዳር እንቁራሪት ይዞ አምጥቶ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ አስቀምጧት ነበር። ውኃዋ ከቧንቧ የተቀዳ ነው፤ እርሱም በየሰዓቱ እያወጣ በመዳፉ ያሻሻታል። በአራተኛው ቀን ቆዳዋ ደበዘዘ፤ ሆዷ ሥር ቀላ፤ ሲነኳትም መዝለል ተወች። ልጁ የስልኩን ወሬ ሰምቶ ኖሮ፣ «የእኔም ታማለች» ብሎ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። ያክስቱ ልጅ የመጀመሪያ ቃሏ፣ «እጅህን አንሣላት» የሚል ነበር።

ከዚያ ወዲያ የነገረችውን እኔም በጥሞና ሰማሁ። የእነዚህ ፍጥረታት ቆዳ እንደ እኛ ቆዳ ገላን መሸፈኛ ብቻ አይደለም፤ አፍም ሳንባም ነው። እንቁራሪት ውኃን በአፏ አትጠጣም፤ በቆዳዋ ትመጠዋለች። አየርንም በቆዳዋ ትስባለች፤ ጨርሶ ሳንባ ሳይኖራቸው ይልቁንም በቆዳቸው የሚተነፍሱ የሳላማንደር ዝርያዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ እጃችን ላይ የቀረ ሳሙና ለእኛ ንጽሕና፣ ለእርሷ ግን መርዝ ነው። ለጤናችን ሲባል ቧንቧ ውኃ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን ቆዳዋን ይጎዳዋል። ከራሷ የሚወጣው እዳሪም ውኃው ካልተለወጠ አሞኒያ ሆኖ ያቆስላታል። የእህቴ ልጅ የምታሳድጋት፣ አክሶሎትል የምትባለው የሜክሲኮ ሳላማንደር፣ የሚስማማት 16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ ውኃው 24 ዲግሪን ሲያልፍ ትታመማለች። እቶን ታጠፋለች የተባለላት ፍጥረት ለብ ያለ ውኃ እንኳ ይከብዳታል!

ማስታመሟም ቀላል አይደለም። በሽተኛዋን ለብቻዋ በንጹሕ ዕቃ ታኖራታለች፤ ክሎሪኑ የወጣለትን ቀዝቃዛ ውኃ በየቀኑ ትለውጥላታለች፤ መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪም በቀር ከማንም አትቀበልም። ቆዳዋ ያገኘውን ሁሉ ይጠጣልና፣ መጠኑን የሳተ መድኃኒት ከበሽታው ይብስባታል። ለመድኃኒትም መቸኮል አይገባም፤ እነዚህ ፍጥረታት በየጊዜው ቆዳቸውን ይገፋሉ፣ ብዙ ጊዜም የገፈፉትን መልሰው ይበሉታል፤ የተላጠ ሁሉ የታመመ አይደለም። ማየት ከመንካት ይቀድማል።

ውድ አንባብያን፣ ነገሩ ከአንዲት የመስታወት ገንዳ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ሳይንስ ስም ያወጣለት ኪትሪድ የተባለ ፈንገስ የእንቁራሪትን ቆዳ እያጠቃ፣ ከውኃ ጨው የምትስብበትን ኃይል ያዳክማል፤ በመጨረሻም ልቧ ይቆማል። በ2019 የወጣ ጥናት 90 የሚሆኑ ዝርያዎች ከዓለም ለመጥፋታቸው ይህን በሽታ ምክንያት አድርጎታል። በ2012 የታተመ ሌላ ጥናትም ፈንገሱን በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በብዙ ዓይነት እንቁራሪቶች ላይ አግኝቶታል። የሳላማንደሮች ጠላት የሆነው የፈንገሱ ዘመድ በ2013 ኔዘርላንድስ ውስጥ ታወቀ፤ ወደ አውሮፓ ያደረሰውም የቤት እንስሳት ንግድ ሳይሆን እንዳልቀረ ይታመናል። ያም ብቻ አይደለም፤ አክሶሎትል በየአገሩ በሰው ቤት በብዛት ሲራባ፣ የትውልድ ስፍራው በሆነው በሜክሲኮ ከተማ ዳርቻ ግን ሊጠፋ ተቃርቧል። ስለዚህ የዱርን ፍጥረት ለጨዋታ ብሎ ማሰርን አልደግፍም። በቤት የተወለደችውን በቤት ማስታመም ግን እንደ ቅብጠት ሊቆጠር አይገባም።

የወንድሜን ልጅ እንቁራሪት መልሰን ወሰድናት። ከሌላ እንስሳ ጋር አልተቀላቀለችምና ከያዛት ከዚያው ስፍራ እንመልሳት ተባብለን፣ ልጁ እጁን በወንዝ ውኃ አርሶ አወጣት። በዚያው ሰዓት ከእኛ ከፍ ብሎ አንድ ገበሬ የጀርባ መርጫውን ከወንዙ እየቀዳ ያለቀልቅ ነበር። የአረም መድኃኒቱ አረፋ እየተንሳፈፈ ወደ እኛ ወረደ። ልጁ እንቁራሪቷን እንደ ያዘ ቀና ብሎ አየኝ። የምመልስለት አጣሁ። ራቅ ብለን፣ ከመርጫው በላይ ወዳለው ረግረግ ወጥተን ለቀቅናት።

ለእናቴ የምሰጠውን መልስ ያገኘሁት ያኔ ነው። ሰው መድኃኒት በሚያጣበት አገር ለእንቁራሪት ቆዳ መጨነቅ ሰውን መርሳት አይደለም። እርሷ በቆዳዋ የምትጠጣው ወንዝ ከብቶቻችን የሚጠጡት፣ እናቶች ልብስ የሚያጥቡበት፣ ልጆች የሚዋኙበት ነው። በአገራችን ከ70 የሚበልጡ የእንቁራሪትና የዘመዶቿ ዝርያዎች ሲኖሩ፣ ከሲሶ የሚበልጡት በሌላ አገር አይገኙም፤ እኛ ግን እንቁራሪትን የምናነሣት ዝሆን አክላለሁ ብላ መሰንጠቋን ለመተረት ነው። የተሰነጠቀው ቆዳዋ ምን ይጠጣ እንደ ነበር አልጠየቅንም። መርጫን ከወንዝ ራቅ አድርጎ ማጠብ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለሰው ካሰብንም ከዚሁ መጀመር ነበረብን።

ከሁለት ወር በኋላ የእህቴ ልጅ ደውላ ሳላማንደሯ መዳኗን ነገረችን። እናቴ ስልኩን ተቀብላ፣ «እሰይ ልጄ፤ እግዜር ማረልሽ» አለቻት። በዚህ ጊዜ አልሳቀችም።

የከተማችንን ስም ለያይቶ ላነበበው «ዱር ቤቴ» ይላል። ልጁ አሁን እንቁራሪት አይዝም፤ ማታ ማታ ከረግረጉ በኩል ሲንጫጩ ግን በር ላይ ቆሞ ያዳምጣል። የእርሱ እንቁራሪት ትኑር አትኑር አያውቅም። እኔም አላውቅም።